አዌቱ ከጅማ ወጥቶ የት ይሄዳል?

[ምስል፦ ጠዋት፣ አዌቱ ድልድይ። ባጃጆች ያልፋሉ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምንጀምረው ከጅማ መሀል ነው፣ ከአዌቱ ድልድይ ላይ። የጅማ ሰው ይህን ድልድይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሻገረው አይቆጥረውም። ቆም ብሎ ውኃውን የሚያየው ግን ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ እንቁምና እንየው። ይህ ውኃ ከዚህ ወጥቶ የት ይሄዳል?

[ምስል፦ ካርታ። ሰማያዊ መስመር ከጅማ ተነሥቶ ወደ ታች ይሳባል።]

አዌቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ይወርዳል። ቦዬ ረግረግ ይደርሳል። ከዚያ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ተርባይኑን ያዞረው ውኃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ አድርጎ ሁለተኛውን ጣቢያ፣ ጊቤ 2ን ያንቀሳቅሳል። ቀጥሎ ኦሞ ይሆናል። መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፣ ኬንያ።

በሌላ በኩል፣ ከዚሁ ከጅማ ዞን በስተ ምዕራብ ያለው ጋራ ላይ የዘነበው በዴዴሳ አድርጎ ዓባይን ይገባል። አንድ ዞን ውስጥ የዘነበ ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል ማለት ነው፤ ግማሹ ወደ ቱርካና፣ ግማሹ ወደ ሜዲትራንያን።

ስለዚህ የጅማን ደንና ረግረግ መጠበቅ የጅማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጅማም ብቻዋን አትችለውም። የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው።

[ምስል፦ ቦዬ። ጭጋግ፣ ሣር፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች።]

መጀመሪያ ቦዬ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጅማ ያደገ ሰው ቦዬ ሲባል ጉማሬ ትዝ ይለዋል። ወፎቹም አሉ። ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ረጅም ወፍ በጅማ ዙሪያ ረግረጎች ይታያል። በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሚሄድ ዘር ነው።

ረግረግ ምን ይሠራል? ክረምት ላይ የመጣውን ጎርፍ ይይዝና በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጎርፉ ያመጣውን አፈር ሣሩ መሀል ያስቀረዋል። ከተማው የለቀቀውን ቆሻሻም በተቻለው መጠን ያጣራል። ለቡና ስንቀመጥ የምንጎዘጉዘው ቄጤማም የሚበቅለው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ረግረጉ ሲጠፋ ያ ሁሉ አፈር ሳይቆም ያልፋል። አልፎ የሚተኛው ግድቡ ውስጥ ነው። በደለል የሞላ ግድብ የሚይዘው ውኃ ይቀንሳል። የመብራት ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል።

ታዲያ በጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች ምን እየሆኑ ነው? ለጡብ ሥራ ሸክላ አፈር ይቆፈራል። ባሕር ዛፍ ይተከላል። ቦይ እየተቀደደ ውኃው ይንጣፈፍና እርሻ ይሆናል። ከብት ይሰማራበታል። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጡብ ለሚሠራው ወጣት እንጀራው ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ገንዘብ ይሆናል። ችግሩ ጥቅሙ እዚሁ ቀርቶ ጉዳቱ ታች መውረዱ ነው። ታች ያለው ሰው ደግሞ የኛ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ወንበር የለውም።

የእሸት ቡና ማጠቢያውም ነገር እንደዚያው ነው። ቀዩን ፍሬ የፈለፈለና ያጠበ ውኃ ጎምዛዛ ነው። ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በለቀማ ወራት ላይኛው መንደር ገንዘብ ይቆጥራል፤ ታችኛው መንደር ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። ሁለቱ መንደሮች በሁለት ወረዳ ሥር ከሆኑ፣ አቤቱታው የት ይሄዳል?

[ምስል፦ የጅማ–ቦንጋ መንገድ። በሁለቱም በኩል ደን።]

አሁን መኪና ውስጥ እንግባ። ከጅማ በሰቃ፣ በሸቤ አድርገን ወደ ቦንጋ እንሂድ። በለጤ ደን ውስጥ ስንገባ አየሩ ራሱ ይለወጣል። ቀረሮ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ገተማ አለ። ከሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ይህ ከገራ ደን ጋር ተያይዞ በለጤ ገራ የሚባለው ነው።

መንገዱ ይወርድና ጎጀብ ወንዝ ላይ ይደርሳል። ከወንዙ ወዲህ ጅማ ዞን፣ ኦሮሚያ ነው። ከወንዙ ወዲያ ከፋ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል። ከፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ ያዩ ተመዘገበ። በ2012 ሸካ፣ በ2017 ጋምቤላ ውስጥ ማጃንግ ተከተሉ። ሦስት ክልል፣ አራት ጥብቅ ሥፍራ። ሁሉም በአንድ የደን ቀበቶ ላይ ናቸው።

ጥብቅ ሥፍራ ሲባል ሰው አይግባበት ማለት አይደለም። መሀሉ እምብርት ነው፣ አይነካም። ዙሪያው ላይ ቡና ይለቀማል፣ ማር ይቆረጣል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት ነው። ይህ አሠራር ለኛ አገር ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ደኑን ከሰው ሳይነጥል ነው የሚጠብቀው።

[ምስል፦ የቡና ቅርንጫፍ፤ አረንጓዴ ፍሬዎች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ።]

ደኑን ለምን እንዲህ አጥብቀን እንያዘው? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ የሚያጠቁር የቡና በሽታ አገራችን ገባ። ባለሙያዎች ሲቢዲ ይሉታል። ቡናው ያልቃል ተብሎ ተፈራ። ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከልና ባልደረቦቹ ምን አደረጉ? መፍትሔውን ከውጭ አላስመጡም። በሽታው ካለፈባቸው ቦታዎች ሳይታመሙ የቆሙትን የቡና ዛፎች ፈለጉ። ዘራቸውን ወሰዱ፣ ፈተኑ፣ ለገበሬው አከፋፈሉ። ገበሬው ዛሬ 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው። 74 ዘመኑን ነው የሚናገረው፤ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነውና። የተገኙት ደግሞ ጅማ ውስጥ ሳይሆን ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። የጎረቤት ዞን ቡና ደርሶልናል። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ መድኃኒቱ በየትኛው ክልል ጥላ ሥር እንደቆመ ማንም አያውቅም።

[ምስል፦ በደን ውስጥ የተቀመጡ ገበሬዎች፣ ውይይት።]

አብሮ መጠበቅ ይቻላል? በለጤ ገራ ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ ገበሬዎች የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቋሙ። በኦሮምኛ ምኅጻር ዋቡብ ይባላል። ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምትኩ ቡናውን የመልቀምና የመጠቀም መብት በጽሑፍ ያገኛሉ። የደን ቡናቸውም የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ።

ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ሲያጠኑት አንድ ልብ የሚነካ ነገር ታየ። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ደኑ ቀነሰ። ሰው «ነገ ሊከለከል ነው» ብሎ ሳይቆርጥ አልቀረም። ከዚያ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካይ የማኅበራቱ ደን በ1.5 በመቶ ሲጨምር፣ ማኅበር የሌለበት በ3.3 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ የተረዳሁት ገበሬው የደን ጠላት አለመሆኑን ነው። ነገ የሚወሰድበትን ነገር ዛሬ ይቆርጣል፤ ነገም የሱ እንደሆነ ካመነ ይጠብቀዋል።

ክልልና ክልልም እንዲሁ ነው። ድንበር ላይ ያለ ዛፍ የማንም አይመስልም። ጣውላ ጫኙ ይህን ያውቃል። ወዲህ ማዶ ጥበቃ ሲጠነክር ወንዙን ይሻገራል። ስለዚህ ሁለቱ የወንዝ ዳርቻዎች አንድ ዓይነት ደንብ ይፈልጋሉ። የሸቤና የገራ ጥበቃዎች ከከፋዎቹ ጋር ስልክ ይለዋወጡ። አንድ ካርታ ይኑራቸው፣ በዓመት ሁለቴ አብረው ደኑን ይዙሩ። ግድቡ ከሚያስገባው ገንዘብም ጥቂቱ ከላይ ላለው ረግረግና ተፋሰስ ቢመለስ ተገቢ ነው።

ለቡና ገበሬዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር። ቡና ሥር ስትመነጥሩ የዋንዛውንና የሰሳውን ቡቃያ አብራችሁ አትጨርሱት። ዛሬ ጥላ የሚሰጣችሁ ዛፍ አንድ ቀን ያረጃል። ተተኪው እዚያው፣ እግራችሁ ሥር ነው ያለው።

[ምስል፦ እንደገና አዌቱ ድልድይ፣ ማታ። የመንገድ መብራት ውኃው ላይ ያርፋል።]

በሚቀጥለው ቪዲዮ ጎጀብ ድልድይ ላይ ቆመን፣ ከወዲህም ከወዲያም ያሉትን ቀፎ ሰቃዮች እናነጋግራለን። እስከዚያ የእናንተ ሰፈር ውኃ የት እንደሚወርድ ጠይቁና ጻፉልን። የሰፈራችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ እነሱ የድሮውን ምንጭ ሁሉ በስሙ ያውቁታል።