ንስሮቹ ባሕሩን ሲሻገሩ፦ ለባብ ኤል መንደብ ዳርቻ ቆጣሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከኢትዮጵያና ከጅቡቲ የመጣችሁ ወጣት ቆጣሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወፍ አጥኚዎቹ ጂኦፍና ሂላሪ ዌልች ከባልደረቦቻቸው ጋር በጅቡቲ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ቀይ ባሕር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ዳርቻ ቆመው፣ ከጥቅምት መባቻ አካባቢ ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ከየመን ወደ አፍሪካ የሚሻገሩትን አዳኝ አሞሮች ቆጠሩ። ድምሩ ከ240 ሺህ አለፈ። ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ (የሣር ሜዳ) ንስሮች ነበሩ፤ በቁጥር ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ ስቴፕ በዛርድ የሚባለው መካከለኛ አሞራ ነው። ያ ቆጠራ እስካሁን የሚጠቀሰው ብዛቱ ስላስደነቀ ብቻ አይደለም። በየቀኑ፣ በየሰዓቱና በየዓይነቱ ተለይቶ ስለተጻፈ ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው፦ በዳርቻው ላይ የምትሞሉት የአንድ ቀን ቅጽ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚያነበው ሰው የሚጠቅመው እንዴት ሲሞላ ነው?

መጀመሪያ ወፎቹ ለምን በዚህ በኩል እንደሚመጡ ልብ በሉ። ሰፊ ክንፍ ያላቸው አሞሮች ረጅሙን መንገድ በክንፍ ምት አይጓዙትም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሽቅብ በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንሸራተቱ ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር ይደርሳሉ። ባሕር ላይ ግን እንደ የብስ ያለ ጠንካራ ሽቅብ አየር የለም፤ ክንፍ መምታት ግድ ይሆናል፣ ጉልበትም ይጨርሳል። ስለዚህ ከካዛክስታን፣ ከሩሲያና ከሞንጎሊያ ሜዳ የተነሳ ንስር የዐረብን ምድር ተከትሎ ወርዶ ባሕሩ እስከሚጠብበት ይመጣል። በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ መካከል የፔሪም ደሴት አለች። ከደሴቲቱ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ያለው ውኃ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ንስሩ እንደ ነፋሱ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው የሚፈጅበት። በሳተላይት መከታተያ የተጠኑ የስቴፕ ንስሮች ወደ ሰሜን ሲመለሱ ግን በግብፅ ስዊዝ በኩል ሲዞሩ ታይተዋል። ስለዚህ ይህ ዳርቻ እነርሱን በብዛት የሚያያቸው በዚህ ወቅት ነው። ዘንድሮ ያመለጠንን በመጋቢት እናካክሰዋለን ማለት አንችልም።

ጭልፊቶችና ረጃጅም ክንፍ ያላቸው ሃሪየሮች ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው። ክንፋቸውን እየመቱ ሰፊ ባሕር መሻገር ስለሚችሉ በጠባቡ ቦታ አይሰበሰቡም። ካያችኋቸው ጻፏቸው፤ ቁጥራቸው ግን የዝርያውን ብዛት አያሳይምና ከንስሮቹ ጋር አታነጻጽሩት።

ስለ መቆሚያው ቦታ። ራስ ሲያን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ፣ ወደ ባሕሩ የገባ ጉብታ ነው። ዋናው መቆሚያ እዚያ ነው፤ ነገር ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ በውኃው ላይ ያሉትን ወፎች ወደ ሰሜን ምዕራብ ይገፋቸዋል፤ ጉብታው ላይ የቆመው ሰው ባዶ ሰማይ ሲያይ ከእሱ ወዲያ በብዙ መቶ የሚቆጠር ንስር ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ቡድን በሰሜን ምዕራብ በኩል ወዳለችው ወደ ሙልሁሌ አቅጣጫ ይቁም፣ ሁለቱም በሬዲዮ ይገናኙ። አካባቢው ለኤርትራ ድንበር የቀረበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ድንበሩ ላይ ባለው በራስ ዱሜራ በሁለቱ አገሮች መካከል ግጭት ነበር። ቴሌስኮፕና ካሜራ ይዞ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መቆም አይቻልም። ፈቃዱ በየዕለቱ ከቡድን መሪው ጋር ይሁን፤ ወደ ጦር ሰፈርም ሆነ ወደ መርከብ ቴሌስኮፕ አታዙሩ።

ቆጠራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይሁን። የመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ቢሆንም ቁሙ። ባዶ መሆኑ ራሱ ውጤት ነው፤ ቅጹ ላይ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። ሰረዝ ወይም ክፍት ቦታ ከተዋችሁ በኋላ የሚያነበው ሰው ወፍ አልነበረም ወይስ ቆጣሪው አልነበረም የሚለውን መለየት አይችልም። ብዙ ቅጾችን ዋጋ የሚያሳጣቸው ይህ ትንሽ ጉድለት ነው።

ጠዋት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስታዩ ፀሐይዋ ከቀኛችሁ በኩል ውኃው ላይ ታንጸባርቃለች። በዚያ ሰዓት ዝቅ ብለው የሚመጡት ወፎች ጥላ ብቻ ሆነው ይታያሉ። ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይሆንና ላባው በደንብ ይለያል፤ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ከትኩሱ ድንጋይ የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ያኔ የቴሌስኮፑን ማጉያ 60 ላይ ማድረግ አይረዳም፤ ወደ 20 ወይም 30 መልሱት። ባይኖኩላር 8 በ42 ወይም 10 በ42 ይበቃል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ሲሆን ከፍ ብሎ የሚያልፍ ንስር በዓይን አይታይም፤ ቁርጥራጭ ደመና ካለ ከደመናው ፊት ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው በየአምስት ደቂቃው ከአድማሱ ጀምሮ እስከ አናቱ በባይኖኩላር እርከን በእርከን ይጥረግ፤ ተራው ይቀያየር። ዓይን ከአንድ ሰዓት በላይ በዚህ ሥራ ሲቆይ ማየት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ራሱ ግን አይታወቀውም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ንስሮቹ ባሕሩን ጨርሰው የብስ ሲነኩ ዝቅ ብለዋል፤ ወዲያው ሞቃት አየር ፈልገው መዞር ይጀምራሉ። ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ ወፍ በአንድ ላይ ሲሽከረከር ታያላችሁ። እዚያ ውስጥ አትቁጠሩ። በሽክርክሪት ውስጥ ያለ ወፍ በየዙሩ ሲመለስ ሁለቴ ሦስቴ ይቆጠራል፤ ሌላው ከኋላ ተሸፍኖ ይቀራል። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከፍታው ሲበቃቸው ከላይኛው ጫፍ እየተነጠሉ በአንድ ረድፍ ይወጣሉ፤ ልክ ከጠባብ በር እንደሚወጣ የበግ መንጋ አንድ በአንድ ያልፋሉ። በዓይነ ሕሊናችሁ አንድ መስመር አስምሩ፣ ለምሳሌ ከታወቀ ጉብታ ጫፍ ሽቅብ፤ መስመሩን ያለፈውን ብቻ በአውራ ጣት መቁጠሪያው ተጫኑ። ረድፉ በጣም ሲበዛ በአሥር በአሥር ቁጠሩ፤ ግን መጀመሪያ አሥሩን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ምን ያህል ሰማይ እንደሚይዝ ዓይናችሁን አስለምዱ። ሰው ብዙ ወፍ ሲያይ ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል።

ወደ ባሕሩ የሚመለስም አለ። ነፋሱ ሲከፋ ግማሹ መንገድ ላይ ዞሮ ወደ ፔሪም ይሄዳል፣ በኋላም እንደገና ይመጣል። መስመሩን ወደ ኋላ የተሻገረውን በተለየ ዓምድ ጻፉትና ከድምሩ ቀንሱት። ሁለት መቆሚያ ሲኖር ደግሞ ያው ቡድን ሁለቴ እንዳይቆጠር ትልልቅ መንጋዎች ሲያልፉ ደቂቃውን፣ ብዛቱንና አቅጣጫውን በሬዲዮ ተነጋገሩ፤ ማን እንደመዘገበው እዚያው ይወሰን።

ዓይነቱን መለየት ላይ ጥቂት ልዘርዝር። የዘንድሮ የስቴፕ ንስር ጫጩት ከሩቅ ይታወቃል፤ ከክንፉ ሥር መሃል ለመሃል ሰፊ ነጭ መስመር አለው፣ የክንፉና የጅራቱ ጠርዝም ነጭ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ነጩ እየጠፋ ይሄዳል፤ ትልቁ ጥቁር ቡናማ ሆኖ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ጠቆር ያለ ነው። ቆሞ ካገኛችሁት የአፉን ጠርዝ ቢጫ መስመር እዩ፤ እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይደርሳል። የአገሩ ነዋሪ የሆነው ታውኒ ንስር መስመሩ ከዓይኑ መሃል አያልፍም። በዛርዱ በጣም ያንሳል፤ ጅራቱ ብዙ ጊዜ ዝገት ይመስላል። ነጩ ጥንብ አንሣ ሲያድግ ነጭ ሆኖ የበረራ ላባው ጥቁር ነው፤ ጫጩቱ ሙሉ በሙሉ ጠቆር ስለሚል ከንስር ጋር ይምታታል፣ እንደ ሽብልቅ የሾለው ጅራቱ ግን ያጋልጠዋል። ጭላትን በመንታ ጅራቱ ለዩት።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለምናችሁ አለ። ያልለያችሁትን አትገምቱ። «ያልተለየ ንስር»፣ «ያልተለየ አሞራ» የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ ያለ ሐፍረት ተጠቀሙባቸው። አብዛኛው ስቴፕ ስለሆነ ይሄም ስቴፕ ይሆናል ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፤ ግን በዚያ መንገድ ብርቅዬው ትልቁ ነጠብጣብ ንስር ከቅጹ ላይ ይጠፋል፣ የስቴፑም ቁጥር ያለ ምክንያት ያብጣል። በተቻለ መጠን ዕድሜን ለዩ። ሁሉንም ለመለየት ስትሉ ቆጠራው ከሚያመልጣችሁ፣ በየሰዓቱ ቀርበው ካለፉት ውስጥ ሃምሳውን ብቻ ወስዳችሁ ስንቱ ጫጩት እንደሆነ ጻፉ። የጫጩት ድርሻ መቀነስ ጠቅላላ ቁጥሩ ከመውረዱ በፊት የሚታይ ምልክት ነው። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ጋር ተመድቧልና ይህች ቁጥር ትልቅ ዋጋ አላት።

በየሰዓቱ መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫና ብርታት፣ የደመናውን መጠን፣ እይታው እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጻፉ። ፔሪም በግልጽ ትታያለች ወይስ አቧራው ሸፍኗታል? ስንት ሰው ቆሞ ነበር? ቡድኑ ለምሳ 40 ደቂቃ ካቋረጠ ያ 40 ደቂቃ ይመዝገብ። ሁለት ሺህ ንስር በስድስት ሰዓትና በሁለት ሰው ዓይን የታየ እንደሆነ፣ በአሥር ሰዓትና በአራት ሰው ከታየው ጋር አንድ አይደለም።

ወፍ ያነሰበት ቀን ሲመጣ ዝርያው አለቀ ብላችሁ አትቸኩሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ የቆሻሻ መጣያዎች ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የስቴፕ ንስሮች የሰሜኑን የብርድ ወራት ሲያሳልፉ ተመዝግበዋል። ምግብ እዚያ ካገኙ ባሕሩን የሚሻገሩበት ምክንያት ይቀንሳል። ስለዚህ የዚህ ዳርቻ ቁጥር ብቻውን ፍርድ መስጫ አይሆንም፤ ከዐረብ ምድርና ከአፋር ቆጠራ ጎን ተቀምጦ መነበብ አለበት።

በማዕበሉ ማፈግፈጊያ ሰዓት፣ ሰማዩ ባዶ ሲሆን፣ አንድ ሰው ለሃያ ደቂቃ ወደ ጭቃው ይውረድ። ሸርጣን የሚበላው ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ክራብ ፕሎቨር፣ በመንጋ አለ፤ የቀይ ባሕር አካባቢ ወፍ የሆነው ባለ ነጭ ዓይን ገል የሚባለውም ይታያል። ይህ በተለየ ቅጽ ይሁን።

ለሰውና ለዕቃ፦ በቀን ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ፣ ጥላ፣ ጨው ያለው ምግብ። ጨዋማ ነፋስ ሌንሱን ሲሸፍነው በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ የጨው ቅንጣት መስታወቱን ይፍቃል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አርጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አንሡ። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ እግር ላይ ድንጋይ ያለበት ከረጢት አንጠልጥሉ፤ ነፋሱ ይጥለዋል።

ከኢትዮጵያ ለመጣችሁት ደግሞ አንድ ሥራ ይጨመራል። እነዚህ ወፎች ዳርቻውን ካለፉ በኋላ ብዙዎቹ አፋርን ያቋርጣሉ፣ ከፊሎቹም ስምጥ ሸለቆውን ይዘው ይወርዳሉ። በአፋር ነጭ ጥንብ አንሣዎች በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ በብዛት ያድራሉ። አደጋው ያለው በተለይ በ15 እና በ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ ነው፤ አግዳሚው ብረት ሆኖ ሽቦው ከላዩ በቆመ ሲኒ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ) ሲያዝ፣ ወፉ ብረቱ ላይ ቆሞ በክንፉ ሽቦውን ይነካና ይሞታል። የንስር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ወፉ ከሚቆምበት እስከ ሽቦው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሽቦና በሽቦ መካከል 140 ሳንቲ ሜትር ርቀት፤ ካልሆነም ሽቦውን በምሰሶው ዙሪያ በፕላስቲክ መሸፈን። በፖርት ሱዳን ለአሥርተ ዓመታት ነጭ ጥንብ አንሣዎችን ሲገድል የኖረ መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ኤሌክትሪኩ የተቋረጠው ሬሳው ተቆጥሮ ስለተጻፈ ነው። ስለዚህ ስትመለሱ ከምሰሶ ሥር የሞተ ወፍ ካገኛችሁ በእጃችሁ አትንኩ፤ ምሰሶውንና የአግዳሚውን ቅርጽ ፎቶ አንሡ፣ የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥቡን ያዙ፣ ከምሰሶው ስንት እርምጃ እንደራቀ ጻፉ፣ እግሩ ላይ ቀለበት ወይም ጀርባው ላይ መከታተያ መኖሩን እዩ።

ቅጹ ማታ እዚያው ይጠናቀቅ። ሁለት ሰዎች በየሰዓቱ ያለውን ደምረው ከመቁጠሪያው ጋር ያመሳክሩ፤ ስህተት ከተገኘ አትደልዙት፣ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉና ፈርሙ። የእያንዳንዱ ገጽ ፎቶ በዚያው ሌሊት ከመኝታ በፊት ለሁለት ስልኮች ይላክ፤ ወረቀቱ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ። በነገው ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ዘንድ እንገናኝ።

አመሰግናለሁ።