ከቲስ እስከ ደቻቱ፦ ወንዝን ወደ ላይ መከተል

እሱ፦ እንደምን ዋላችሁ፣ ከድሬዳዋ ነን። ዛሬ ከውጭ የጋበዝነው ሰው የለም፤ እንግዳችን እዚሁ አጠገቤ ያለችው ናት። እህቷን ልትጠይቅ እንግሊዝ ሄዳ ከረመች፣ ከመጣች ጀምሮ ደግሞ የምታወራው ስለ አንድ ወንዝ ነው።

እሷ፦ አቦ እንዴት አላወራ! ከጠዋት እስከ ማታ አብሬው የዋልኩ ወንዝ ነው። ቲስ ይባላል፣ ሰሜን እንግሊዝ ነው ያለው።

እሱ፦ እስቲ ከመነሻው ንገሪን።

እሷ፦ ፔናይን ዌይ የሚባል የእግር መንገድ አለ። ኤዴል ከምትባል መንደር ይነሳና የተራራውን አናት ይዞ ስኮትላንድ ድረስ ይዘልቃል፤ 431 ኪሎ ሜትር። ሙሉውን የሚሄድ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። እኔና እህቴ የሄድነው የአንድ ቀኑን ነው። ሚድልተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስተን ዳፍተን የምትባል መንደር አደርን፣ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ።

እሱ፦ ከዚህ ሐረር ካለው መንገድ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

እሷ፦ አዎ። የሚገርመው መንገዱ ወደ ሰሜን ነው የሚባለው፣ የዚያን ቀን ግን ወደ ምዕራብ ነው የምትሄደው። ማታ ካርታውን ስናየው ወደ ስኮትላንድ አንድ እርምጃ አልቀረብንም። መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ያን ወንዝ ሳያሳዩ ማለፍ ስላልፈለጉ ነው ብዬ ነው የማምነው። ትክክል ናቸው።

እሱ፦ መሬቱ የማነው? የመንግሥት ነው?

እሷ፦ አብዛኛው የግለሰብ ነው! በገበሬ ማሳ መሐል፣ በበጎች መሐል ነው የምታልፈው። የእንጨት በር ታገኛለህ፣ ትከፍታለህ፣ ታልፋለህ፣ መልሰህ ትዘጋለህ። ማንም ወዴት ነህ አይልህም፣ የመንገዱ መብት ያንተ ስለሆነ። ግን በነጻ የመጣ አይደለም። ድሮ እነዚያ ተራሮች የባለርስቶች የአደን ቦታ ነበሩ፣ ጠባቂ ቆሞባቸው ሰው አይረግጣቸውም። በ1932፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰብስበው ኤዴል አጠገብ ያለውን ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራ ያለፈቃድ ወጡት። የታሰሩም አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቶም ስቲቨንሰን የሚባል ጋዜጠኛ ይህ ረጅም መንገድ ያስፈልገናል ብሎ ጻፈ። የተከፈተው በ1965 ነው።

እሱ፦ ሠላሳ ዓመት።

እሷ፦ ሠላሳ ዓመት፣ ለእግር መንገድ። እኔ ከፏፏቴውም በላይ ይሄ ነው ውስጤ የቀረው።

እሱ፦ እሺ፣ አሁን ወንዙ።

እሷ፦ ጠዋት ለምለም ሜዳ ነው፣ ወንዙ በቀኝህ ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቀለሙ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ግን ቡናማ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ቀጭን ሻይ በለው። ደፍርሶ አይደለም፤ ላይ ተራራው ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ሣርና ተክል አለ፣ ፒት ይሉታል፣ ዝናቡ እሱን አልፎ ሲመጣ እንደ ሻይ ቅጠል ይቀባዋል። ሲወድቅ ደግሞ አረፋው እንደ ማኪያቶ አረፋ ነው።

እሱ፦ የኛ የድሬዳዋው ወንዝ፣ የደቻቱ ቡናማ ግን ሌላ ነው።

እሷ፦ የኛው አፈር ነው የሚያመጣው። ልዩነቱ ያ ነው፤ የነሱ ቀለም ነው፣ የኛ መሬታችን ነው የሚሄደው። ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ የምታገኘው ሎው ፎርስ ነው፣ «ፎርስ» እዚያ አገር ፏፏቴ ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ በየደረጃው ይወርዳል። እሱ ጋ ስትደርስ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ጠባብ ድልድይ አለ፣ በ1830 የተሠራ። ስትራመድ ከእግርህ በታች ይወዛወዛል። እህቴ እስክትሻገር ቆሜ ጠበቅኳት። መሐል ላይ ስደርስ ብረቱን ያዝኩት፣ በረዶ ነው፣ ሰኔ ውስጥ! ቁልቁል ሳይ ውሃው በጥቁር ድንጋይ መሐል ተጨምቆ ያልፋል።

እሱ፦ ጥቁር ድንጋይ ነው ያልሽው፣ እንደኛ ጥቁር ድንጋይ?

እሷ፦ የቅርብ ዘመዱ። ዊን ሲል ይሉታል። ከ295 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከታች መጥቶ በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ንብርብር መሐል ገብቶ እዚያው ቀዘቀዘ። ጠንካራ ነው፣ ከሥሩ ያለው ግን ለስላሳ ነው። ዋናው ፏፏቴ፣ ሃይ ፎርስ፣ የተሠራው በዚህ ነው። ውሃው የሥሩን እየበላ ይገባል፣ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ድጋፍ ያጣና ይናዳል። ስለዚህ ፏፏቴው ቆሞ የሚኖር እንዳይመስልህ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። በኋላው ጥሎት የመጣው ገደል 700 ሜትር ያህል ይሆናል።

እሱ፦ ቁመቱስ?

እሷ፦ 21 ሜትር። የኛን ጢስ ዓባይ ያየ ሰው ቁጥሩ ላያስደንቀው ይችላል። ድምፁ ግን! ከማየትህ በፊት ነው የምትሰማው። ጥድ ጫካ ውስጥ ነህ፣ የኛ ጥድ ዘመድ ነው፣ ግን ቁመቱ ካንተ ብዙም አይበልጥም። ጥዱን የሚያደርቅ በሽታ ስለገባ ጭቃውን በጫማችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ አጽዱ ይባላል። እና ጫካው መሐል ሆነህ ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። ከዚያ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ፣ ፊት ለፊትህ ነው።

እሱ፦ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

እሷ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ካንተ ጋር ላወራው የፈለግኩት።

እሱ፦ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ደቻቱ ሌሊት ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ናት የቀሰቀሰችን። ቀን ኳስ የምንጫወትበት አሸዋ ነው እኮ፣ ከከዚራ መጋላ ስትሄድ በእግርህ የምታቋርጠው ደረቅ አሸዋ። ጨለማ ውስጥ ድምፁ ብቻ ነበር፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ። ከ250 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ጠዋት የሰፈራችንን ሰዎች ስንፈልግ ነው የዋልነው።

እሷ፦ ነፍሳቸውን ይማር። … ቲስም እንደዚያ ነበር፣ ታውቃለህ? ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ ታች ያለው ሰው ሳያውቅ ውሃው እንደ ግድግዳ ይመጣ ነበር። «ሮል» የሚል ስም ነበረው፣ የሚንከባለል ማለት ነው። ስም ሰጥተው፣ ፈርተው፣ አውቀውት ነው የኖሩት።

እሱ፦ አሁን የለም?

እሷ፦ ካው ግሪን የሚባል ግድብ ከ1967 እስከ 1971 ተሠራበት። ታች ለነበሩት ፋብሪካዎች ውሃ ለማቅረብ ነው የተሠራው፣ ግን ሮሉንም አስቀረው። በነጻም አልሆነም። ከበረዶው ዘመን የተረፉ ብርቅ አበቦች ያሉበት መሬት ነው፣ ሳይንቲስቶች አትንኩት ብለው ተሟግተው ነበር፣ ከፊሉ ውሃ ሥር ቀረ። ሃይ ፎርስም ድሮ ሲሞላ በሁለት በኩል ይወርድ ነበር፣ አሁን ይህ ብዙ አይታይም።

እሱ፦ ጢስ ዓባይም ውሃው ለመብራት ሲጠለፍ ይቀንሳል። ከዚያስ?

እሷ፦ ከሰዓት በኋላ አስቸጋሪው ነው። ወንዙ ዳር ቋጥኝ በቋጥኝ ይሆናል፣ ረጥቦ ያንሸራትታል፣ ከዚያ ኮልድረን ስናውት የሚባለው ፏፏቴ ጎን በእጅህም በእግርህም እየቧጠጥክ ትወጣለህ። ረጅም ነው፣ 180 ሜትር ያህል እየተገለባበጠ ይወርዳል። አናቱ ላይ ስትደርስ ግድቡ እዚያው ቆሟል። ጠዋት የጀመርክበት ያ ሁሉ ውሃ ከየት እንደሚለቀቅ አየህ ማለት ነው። እዚያ ተቀምጬ ዳቦዬን ስበላ ምን አሰብኩ መሰለህ? እኔ ደቻቱ ዳር ነው ያደግኩት፣ ግን የሚነሳበትን አላውቀውም።

እሱ፦ እኔም አላውቀውም። ከደንገጎ ነው የሚመጣው እንላለን እንጂ።

እሷ፦ በእግራችን ሄደን አላየነውም። ከጎርፉ በኋላ ግንብ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ላይ ዳገቱ ላይ ዛፉ ምን ያህል ቀረ፣ እርከኑስ እንዴት ነው፣ ወንዙ ውሃውን ከየትኞቹ ሸለቆዎች ይሰበስባል? እዚያ የሚዘንበው ነው እዚህ የሚደርሰን። ፔናይን ዌይ አይነት ነገር ይሠራልን አላልኩም። አንድ ቀን፣ ከደቻቱ ድልድይ ተነስተን አሸዋውን ይዘን ወደ ላይ።

እሱ፦ በክረምት አይሆንም።

እሷ፦ በጭራሽ! በበልግም አይሞከርም። ኅዳር ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ። ማሳ ውስጥ ስንገባ ባለቤቱን አስፈቅደን። ደግሞ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

እሱ፦ እናቴን እጠይቃታለሁ። ደንገጎ በኩል ዘመዶች አሏት። ላይ ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ዳመናው ሲከብድ አሁንም ስልክ ይደውሉላታል።

እሷ፦ እንግዲያው የምንደርሰው እነሱ ቤት ነዋ።