የካሌ ቆርኪ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ክፍል በዝውውር ገበያ እንቀጥላለን ብዬ ቀጥሬያችሁ ነበር፤ ነገር ግን ከቅዳሜ ጀምሮ አንዲት ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች፣ እርሷን ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ መሻገር አልቻልኩም። የቅዳሜዎቹን ልጆች፣ እዚህ ፈረንሳይ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ማንበብ የማስተምራቸውን፣ ታውቋቸዋላችሁ፤ የእግር ኳስ ቡድኖችን የማሳይባቸውን የጠርሙስ ቆርኪዎቼንም እንደዚያው።

ነገሩን የጀመረው ኋላ የሚቀመጠው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የእኛ ሰፈር ቡድን ለምን በቴሌቪዥን አይታይም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የዕለቱን የንባብ ትምህርት ትቼ፣ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍትን በጠረጴዛው ላይ እንደ ደረጃ ደራርቤ፣ የፈረንሳይ እግር ኳስ ከላይ እስከ ታች እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ማስረዳት ጀመርኩ። በላይኛው ደረጃ ላይ 18 ቆርኪ ደረደርን፤ ይህ ሊግ 1 ነው። ከሥሩ ሌላ 18፤ ሊግ 2። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ናሲዮናል የሚባለው ተቀመጠ፤ እስከዚህ ድረስ አገሩ ሁሉ በአንድ ሊግ ውስጥ ይጫወታል። አራተኛው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ናሲዮናል 2 ከ2024–25 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የውድድር ዘመን ጀምሮ 16 ቡድን ያላቸው ሦስት ምድቦች ነው፤ ናሲዮናል 3 ደግሞ 14 ቡድን ያላቸው ስምንት ምድቦች። ቆርኪው አለቀ፤ ሽምብራ አመጣን። ከዚያ በታች ያሉትን የክልልና የአውራጃ ሊጎች ወለሉ ላይ ዘራናቸው፤ የልጁ ሰፈር ቡድንም እዚያው ወለሉ ላይ ተገኘ።

ለምን እንደሚከፋፈሉ የገባቸው በአንድ ምሳሌ ነው። ቀን ዳቦ ቤት የሚሠራ ተጫዋች ቅዳሜ ከብሬስት ተነሥቶ ኒስ ድረስ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ተመልሶ ሥራ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ተጋጣሚው ጎረቤት እየሆነ ይሄዳል። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ከላይ ያለው ሊግ የገንዘብ ካርታ ከሆነ፣ ከታች ያለው የአውቶቡስ ካርታ ነው።

ከዚያ ማደግና መውረድን አሳየኋቸው። ከናሲዮናል አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት በቀጥታ ያድጋሉ፤ ሦስተኛው ተጨማሪ የማጣሪያ ጨዋታ ይጠብቀዋል፤ ከግርጌ ያሉት ደግሞ ይወርዳሉ። ስምንት ዓመቷ ልጅ፣ ስለ እርሷ ብዙ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ፣ የሚወርዱትን ቆርኪዎች በጣቷ እየነካካች «ምን አጥፍተው ነው?» አለችኝ። ምንም አላጠፉም፤ ያነሰ ነጥብ ስላገኙ ብቻ ነው አልኳት። አልረካችም። እንድትጽናና ብዬ በአራተኛውና በአምስተኛው ደረጃ ለረጅም ዘመን ይሠራበት የነበረውን የነጥብ አሰጣጥ ነገርኳት፤ ያሸነፈ አራት፣ አቻ የወጣ ሁለት፣ የተሸነፈም አንድ ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ዜሮ የሚሰጠው ሜዳ ላይ ሳይገኝ ለቀረ ቡድን ነበር። ልጆቹ ይህን እንደ ትልቅ ፍትሕ ቆጠሩት። እኔም ቅዳሜ ማታ ለብቻዬ ሳስበው፣ ለመምጣት ብቻ ነጥብ መስጠት እንደ ልጆቹ ፍትሕ ነው ወይስ... እርግጠኛ አይደለሁም። ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

ከታች ወደ ላይ ስለ ወጡት ሰዎችም ነገርኳቸው። ንጎሎ ካንቴ በ2012–13 ቡሎኝ ለሚባል ክለብ በዚሁ በሦስተኛው ደረጃ ይጫወት ነበር፤ በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፍራንክ ሪቤሪ በ2003–04 በብሬስት እዚያው ናሲዮናል ውስጥ ነበር፤ በ2006 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተሰለፈ። ልጆቹ ዓይናቸው በራ። ይህን ጊዜ ነው፣ ደስታቸውን አይቼ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን የካሌ ከተማን ክለብ ታሪክ የጀመርኩት።

የፈረንሳይ ዋንጫ ለሁሉም ደረጃ ክፍት የሆነ የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው፤ አንድ ትንሽ ክለብ በሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ በሚበልጠው ቡድን ሜዳ ላይ እንዲጫወት ዕጣ ከደረሰው፣ ጨዋታው ወደ ትንሹ ክለብ ሜዳ ይዛወርለታል። በ1999–2000 ካሌ አራተኛው ደረጃ ላይ ነበር። ተጫዋቾቹ አማተሮች ነበሩ፤ ሥራ ውለው ነበር ልምምድ የሚገቡት። ልጅቷ የካሌን ቆርኪ ከአራተኛው መጽሐፍ ላይ አንሥታ፣ እኔ ስተርክ እርሷ ታወጣዋለች። ሊልን ጣሉ። ካንን ጣሉ። ስትራስቡርግን ጣሉ። በግማሽ ፍጻሜ የአገሩን ሻምፒዮን ቦርዶን በላንስ ስታዲየም በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ቆርኪውም የላይኛው መጽሐፍ ላይ ደረሰ።

ግንቦት ወር፣ 2000፣ ስታድ ደ ፍራንስ፣ ተጋጣሚው ናንት። ካሌ ቀድሞ አገባ። ከእረፍት መልስ ናንት አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለናንት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ሲቢየርስኪ አስቆጠረው፤ 2 ለ 1። ልጆቹ «እሰይ» ሊሉ የተዘጋጁበት አፋቸው እንደ ተከፈተ ቀረ። ከዚያ የ20 ዓመቱ የናንት አምበል ሚካኤል ላንድሮ የተሸናፊውን አምበል ሬጂናል ቤክን ጠርቶ፣ ዋንጫውን ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው አብረው ከፍ እንዳደረጉት ነገርኳቸው። ልጅቷ ቆርኪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ዝም ብላ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ አሁን ካሌ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ይህች ናት።

መልሱን አውቀዋለሁ። ያ ክለብ ቀስ በቀስ ወርዶ፣ በዕዳ ተይዞ፣ በ2017 በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው ለሚለው መልስ የለውም፤ ወለሉ ላይ ካለው ሽምብራ መካከል እንኳ የለም። እኔ ግን ሁለቱን እጆቿንና በመካከላቸው ያለችውን ቆርኪ አይቼ፣ «ከታች ነው፣ ግን እየወጣ ነው» አልኳት። ውሸት ነገርኳት፤ ቃሉን ሳለሰልስ ልጥራው ብዬ ነው። ደረጃዎቹን በእውነት እንድትረዳ ስል ሰዓት ተኩል የደከምኩበትን ነገር በአምስት ቃል አፈረስኩት።

እውነቱን በምን ላስረዳት እችል እንደነበር ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቻለሁ። ምናልባት ከቦርዶ ብጀምር ይሻል ነበር። ስድስት ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነው፣ ካሌ ያሸነፈው ያው ቦርዶ፣ በ2024 በገንዘብ ችግር ምክንያት ከሊግ 2 ወደ ናሲዮናል 2 ወረደ፤ ማለትም ካሌ ሲያሸንፈው ቆሞበት ወደ ነበረው ወደ አራተኛው ደረጃ። በሜዳ ተሸንፎ አይደለም። ዲ.ኤን.ሴ.ዠ. የሚባል፣ ከ1984 ጀምሮ የክለቦችን ሒሳብ የሚመረምር አካል አለ፤ እናት በወር መጨረሻ የአስቤዛ ደብተሯን እንደምታየው ደብተራቸውን ያያል፤ ሒሳቡ ካልሞላ ክለቡን በነጥብ ያደገበትን ደረጃ ሊከለክለው ወይም ሊያወርደው ይችላል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ የተጫዋችና የሠራተኛ ደመወዝ ሳይከፈል እንዳይቀር የሚጠብቅ ነው። ይህን ሁሉ ልነግራት እችላለሁ። «ምን አጥፍተው ነው?» ብትለኝ ግን፣ በዚህ ጊዜ «ምንም» ማለት አልችልም፤ ያጠፋው ሒሳቡን የያዘው ሰው ነው፤ የወረደው ደግሞ ደጋፊው ነው። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ... ለትልቅ ሰውስ ቢሆን።

ትናንት እናቷ ደውላልኝ ነበር። ልብስ ልታጥብ ኪሷን ስትፈትሽ ቆርኪ አገኘች፤ ልትጥለው ስትል ልጅቷ አምርራ አለቀሰች። «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ካሌ ነው አልኳት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ነገ ቅዳሜ ነው። መጻሕፍቱን መልሼ እደራርባቸዋለሁ፤ ቆርኪውን ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ የት ላስቀምጠው ብላ እንደምትጠይቀኝም አውቃለሁ። ፈርሷል ብላት፣ ያን ጊዜ ዋንጫው አብሮ መነሣቱ አልፈረሰም ማለት እችል ይሆን? ወይስ ያም ሌላ... አላውቅም። ምናልባት መጀመሪያ እርሷ የት ማስቀመጥ እንደምትፈልግ...