የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የክረምቱን ጎርፍ ከየት እንያዘው?

የዛሬው እንግዳችን የከተማ ጎርፍ ማስወገጃ መሐንዲስ ናቸው።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ ግቢያችንን በሙሉ ሊሾ ካስደረግን ወዲህ በየክረምቱ ውሃው ደጃፍ ይደርሳል። ማስረጊያ ጉድጓድ ባስቆፍር ይገላግለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አፈሩን ይዩት። እናንተ አካባቢ የሚበዛው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ውሃ ማሳለፍ ይተዋል። እሱ ላይ ማስረጊያ መቆፈር ኩሬ መሥራት ነው፤ ቤቱ አጠገብ ከሆነማ ያበጠው አፈር ግድግዳ ይሰነጥቃል። ለእርስዎ የሚሻለው ከጣሪያ መያዝ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,000 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ አሰቅለው ወደ ሮቶ ያስገቡት። ሞልቶ የተቀመጠ ሮቶ ግን ለጎርፍ ምንም አይፈይድም፤ ቀጣዩ ዝናብ ሳይመጣ ለልብስም ለአትክልትም እያሉ ያጉድሉት። ከሊሾውም ላይ በአጥሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል አስነሥተው ሣር ይትከሉበት፤ ከሥሩ ጠጠርና የተበሳሳ ቱቦ ከገባ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይወጣል።

ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ማስረጊያው ይሠራላችኋል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድም እንዲሁ ይለይ።

ጥያቄ (ስማቸውን ያልገለጹ አድማጭ)፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የከተማውን የጎርፍ ቱቦ ማስፋት አይቀልም?

መልስ፦ መስፋት ያለበት ቦታ አለ፤ አልክድም። በሃይላንድና በፌስታል የታፈነውን መጥረግ ደግሞ ከማስፋቱ ይቀድማል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ 2,100 ሜትር ገደማ ወዳለው አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት። የላዩን ቱቦ ብቻ ማስፋት ጎርፉን ለታችኛው ሰፈር ፈጥኖ ማስረከብ ነው። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሁለት ሰዓት ውስጥ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘንቦባት ምድር ቤቶቿ በውሃ ተሞሉ። በዓመቱ ያወጣችው ዕቅድ በቱቦ ብቻ አልቆመም፤ ዝናቡ ሲበረታ መናፈሻዎችና አደባባዮች ለጊዜው ውሃ እንዲያቁሩ፣ መንገዶችም እንዲያወርዱ አድርጋ ነደፈችው። የኛም የወንዝ ዳር መናፈሻዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ንጣፍ ሲበዛባቸው ቅር ይለኛል።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን ውሃ ያሰርጋል?

መልስ፦ መጋጠሚያው አሸዋ ከሆነ በመጠኑ። በሲሚንቶ ከደፈኑት ከአስፋልት አይለይም።