ሰኞ ቢሮ ሲከፈት

እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። ጣራው ላይ ዝናብ ከሰማችሁ ታገሱኝ፣ ጅማ እንደሆነች ሰማይዋ አይታመንም።

በየዓመቱ ኅዳር 16፣ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በሚወገዝበት ቀን አካባቢ፣ ደረታችን ላይ ነጭ ሪቫን ይሰካልናል። ስብሰባ፣ ፎቶ፣ ለስላሳ፣ በቃ። ሪቫኑ ከየት እንደመጣ ግን ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1989፣ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው አንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት ገባ። ክፍል ውስጥ ወንዶቹን ለይቶ አስወጣና ሴቶቹ ላይ ተኮሰ። ያን ቀን 14 ሴቶች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የምህንድስና ተማሪዎች ነበሩ። በ1991 ነጭ ሪቫን ማድረግ የጀመሩት የካናዳ ወንዶች ናቸው። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የሚማሩ ሴቶችን ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል። ነገሩ ከጅምሩ የግቢ ጉዳይ ነው።

ሪቫኑን አልጠላም። ግን ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ምን እንደሚደረግ አይነግራችሁም።

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ መጀመሪያ የምትነግረው ብዙ ጊዜ ለፖሊስ አይደለም፣ ለግቢው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ፣ ለጀንደር ኦፊስም አይደለም። አጠገቧ ለምትተኛው ልጅ ነው፤ እሱም ከነገረች። የዶርም ልጅ ደግሞ ደግ ናት። አንዷ ውሃ ታሞቃለች (ስቶቭ ክልክል ነው፣ ግን አልጋ ሥር አይጠፋም)። ሌላዋ ልብሷን ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፋለች። ሦስተኛዋ ያቺን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ምነው፣ ለብቻሽ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ውሃውም ሳፋውም ከፍቅር ነው። ማስረጃውን ግን ይዞት ይሄዳል። ልብሱ ሳይታጠብ ወረቀት ውስጥ ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ይበላሻል። ታጥባ ከሆነም አበቃላት ማለት አይደለም፣ ሐኪም ቤት ትሂድ። ጥያቄዋን ግን እባካችሁ ተዉአት። እሷን ከሰማች በኋላ አፏን የምትከፍት ልጅ የለችም።

ዋናው ሰዓቱ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ዓርብ ማታ የሆነ ነገር ሰኞ ማታ ያልፍበታል ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ነው። «ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን» ስንል ሰዓቱ እየነጎደ ነው። ሰኞ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የጅማ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ግን ሌሊትም ይሠራል። ባጃጅ ጠርታችሁ አብራችኋት ሂዱ። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውንም እዚያው ጠይቁላት። ክሱን ነገ ታስብበታለች፣ ሕክምናው ክስ መጠበቅ የለበትም።

ቀጥሎ «በሽምግልና ይለቅ፣ የልጁም ሕይወት እንዳይበላሽ» የሚል ሰው ይመጣል። ሁሌም ይመጣል። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ቡና ተፈልቶ፣ እርቅ ተወርዶ የሚዘጋ ፋይል አይደለም።

የመምህሩ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ድብደባም ጨለማም የለም፤ «ቢሮዬ ነይና ስለ ግሬድሽ እናውራ» ብቻ ነው። ሕጉ ይሄንን አይቶታል፤ አንቀጽ 625 ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ሴትን ከሚያጠቁት መካከል መምህርን ለይቶ ይጠራል። ግን የሚያስቀጣው ተበዳይዋ ካመለከተች ነው። እንዴት ታመልክት? ፈተናዋን የሚያርመው እሱ ነው! እኔ ብጠየቅ፣ አቤቱታው በገባበት ቀን ወረቀቷ ለሌላ አራሚ ይሰጥ እላለሁ። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው በኋላ ይጣራል። ይሄ በጀት አይፈልግም፣ አንድ ደብዳቤ ነው።

ወንዶች፣ ከእናንተ የምጠብቀው ጀግንነት አይደለም። ፍሬሽ ሲገባ ሲኒየሮች በር ላይ ቆመው «ያቺ የእኔ፣ ያቺ ያንተ» ሲከፋፈሉ ታውቁታላችሁ። አብራችሁ አትሳቁ። «ተው» ማለት ከቻላችሁ ደግሞ በሉት፣ ከጓደኛ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

በሚቀጥለው ክፍል ከግቢ ውጭ ተከራይተው ስለሚኖሩ ሴት ተማሪዎች አወራለሁ። አከራይ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ቻው።