ዝም ብሎ መተኛት ለምን ይከብደናል?

(በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የጤና ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋ ትታችሁ ስለ እረፍት ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ያስቃል። ቢሆንም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ኢንስታግራም ላይ ያለችው ልጅ ናት። በእጇ ቆማ፣ እግሯን ወደ ጭንቅላቷ አጥፋ። ዛሬ ስለ እሷ አላወራም። የማወራው ስለ ዝግተኛው ዮጋ ነው። አንድ አቀማመጥ ተይዞ ሦስት፣ አምስት፣ አንዳንዴም አሥር ደቂቃ ይቆያል። ትራስ ተደግፎ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ዓይን ጨፍኖ። ላብ የለም። በር ከፍቶ ያያችሁ ሰው ተኝተዋል ብሎ ይመለሳል።

ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ ሕንዳዊው ቢ ኬ ኤስ አየንጋር ናቸው። ፑኔ ከተማ ውስጥ ሲያስተምሩ፣ ሰውነቱ አልታዘዝ ላለው ተማሪ ብርድ ልብሱንም፣ ገመዱንም፣ ወንበሩንም ድጋፍ አደረጉለት። ዪን ዮጋ የሚባለው ሌላው የዝግተኛ ዮጋ ዓይነት ደግሞ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ፖሊ ዚንክ ከተባለ የማርሻል አርት አስተማሪ ተነሥቶ የተስፋፋ ነው። በነገራችን ላይ ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የት መሰላችሁ? እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ ነው። የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ስብሰባ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ። እስቲ ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ አንጓችሁ ላይ አድርጉ። የደም ሥራችሁን ምት ፈልጉ። አገኛችሁት? አየር ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አሁን ደግሞ ቀስ ብላችሁ፣ ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ስታስወጡ ምቱ ትንሽ ዝግ አይልም? ለሁሉም ሰው እኩል አይሰማም። ወጣቶቹ ቶሎ ሳታውቁት አትቀሩም። ሲስቡ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ያረጋጋዋል። ልባችንን ቁጭ በል ብለን ማዘዝ አንችልም። ትንፋሻችንን ግን እንችላለን። በትንፋሹ በኩል ልብ ጋ እንደርሳለን። የዝግተኛው ዮጋ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው። እጅና እግሩ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሳይጨናነቅ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ የጣሊያን ተመራማሪዎች 23 ሰዎችን ይዘው አንድ ነገር አዩ። የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙም ሆነ የዮጋ ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል ቃል ሲሉ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ወረደ። የልብና የደም ግፊት ምታቸውም ከዚያ ጋር ተስማማ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመድረኩ በፊት ሁለት ሦስት ሰዎች ጠጋ ብላችሁ «ይሄ ነገር ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» ብላችሁኛል። አላድበሰብስም፤ የዮጋ ምንጩ የሕንድ መንፈሳዊ ትውፊት ነው። እኔ የማስተምረው አካሉንና ትንፋሹን ብቻ ነው። ማንትራ የለም። ልቡ ያልፈቀደለት ሰው የንስሐ አባቱን፣ ፓስተሩን ወይም ኡስታዙን ይጠይቅ። እኔ አልቀየምም።

አሁን ወገቤን የምትሉት ጆሯችሁን ስጡኝ። ሲያትል አካባቢ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 228 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ውጤቱ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ወጣ። አንዱ ቡድን ለስላሳ ዮጋ ሠራ፣ አንዱ ጡንቻ የሚያፍታታ የማሳሳቢያ እንቅስቃሴ፣ ሌላው ራስን ስለ መርዳት የሚያወራ መጽሐፍ ተሰጠው። ዮጋ የሠሩት መጽሐፍ ከተሰጣቸው የተሻለ ለውጥ አገኙ። ከማሳሳቢያው ቡድን ግን አልበለጡም። ዮጋ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን አይነግራችሁም። ደግሞ ዝግተኛ ዮጋ እግር ጉዞን አይተካም። እንጦጦ የምትወጡ እንዳታቆሙ።

ታዲያ ለምን እሱን አልኩ? ፈጣን ስፖርት ላይ አሰልጣኙ እየጮኸ፣ ሙዚቃው እየደበደበ፣ ለማሰብ ፋታ የለም። እዚህ ግን የሚሸፍናችሁ ነገር የለም። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እቁብ ትዝ ይላል። ከዚያ ያልተመለሰው ስልክ። ከዚያ ያ ሰውዬ ሰኞ ስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር። አፍንጫ ያሳክካል። «እስከ መቼ ነው ይሄ ነገር?» ትላላችሁ። ሐሳቡን አታባርሩት፣ አትከተሉትም። ወደ ትንፋሹ መመለስ ነው። መቶ ጊዜ ብትሄዱ መቶ ጊዜ መመለስ። ይህ ነው ሥራው። በእኔ ግምት፣ ቢሮ ውስጥ ቶሎ ቱግ የሚል ሰው በጣም የሚያስፈልገው ይህችን መመለስ ነው፤ ክብደት ማንሣቱ ይደርሳል።

ለዛሬ ማታ የምትሆን አንድ ነገር ልስጣችሁ። ግድግዳ አጠገብ በጎን ተቀመጡ። ዞር እያላችሁ በጀርባችሁ ተኙና እግራችሁን ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ጉልበት ትንሽ ቢታጠፍ ችግር የለውም። የታጠፈ ጋቢ ከጭንቅላት ሥር፣ ነጠላ ዓይን ላይ። መንጋጋችሁን ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ነክሰን ነው የምንውለው። ላላ አድርጉት። ምላስም ከላንቃ ይውረድ። ትንፋሹን ስታስወጡ ረዘም ይበል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስትነሡ በጎን ተገልብጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ።

ግላኮማ ያለባችሁ፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። መወጠር ያለ ነው። የሚወጋ ወይም የሚያደነዝዝ ነገር ከተሰማችሁ ግን ወዲያው ተዉት፤ እዚህ ጀግንነት አይሠራም።

ከሻይ በኋላ ጎን ባለው አዳራሽ አብረን እንሠራለን። ምንጣፍ አለ፣ ጋቢ ያመጣችሁም ጎበዞች። ስልክ ይጠፋል፣ ንዝረቱም ጭምር። ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ካልሲው የተቀደደበት ሰው ካለም አይጨነቅ፣ ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን።