«ወጣ» ሲባል የት ወጣ?

እንደምን አመሻችሁ።

ኮምፒውተር የምትገጣጥሙ ሰዎች መስከረም 7 ቀን 2013ን ሳታስታውሱት አትቀሩም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 ነው። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080ን፣ ማለትም የኮምፒውተር ጨዋታ ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ፣ በ699 ዶላር ለገበያ አቀረበ። አሜሪካ ገና ጠዋት ነበር። ሽያጩ ከመከፈቱ ካርዱ አለቀ። ሰው ገጹን ደጋግሞ ሲያድስ ቦቶቹ፣ ማለትም በራሳቸው የሚሸምቱ ፕሮግራሞች፣ ቀድመውት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ካርድ ኢቤይ ላይ በእጥፍ ዋጋ ወጣ። አየር ባየር ንግድ መርካቶ ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ፣ ይኸው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ።

ቀጣዩ የኤንቪዲያ ካርድ 3070 ነበር። ኦክቶበር 15 ይወጣል ከተባለ በኋላ ወደ 29 ተገፋ። ምክንያቱ ሱቆች ዘንድ በዛ ያለ ካርድ እንዲደርስ ነው ተባለ። ከ3080 ጉድ በኋላ ማን አያምን! ግን ኦክቶበር 28 ምን ነበር? ተቀናቃኙ ኤኤምዲ አዲሶቹን ራዲዮን ግራፊክስ ካርዶች የሚያስተዋውቅበት ቀን። ቀኑም አስቀድሞ ተነግሯል። ጎረቤትህ ድግስ ጠርቶ ሳለ አንተም በማግስቱ ድንኳን ስትተክል፣ አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያልፍህ የለም። እኔ ሁለቱም ምክንያት እውነት ነው ባይ ነኝ።

ኤኤምዲስ? 6800 ኤክስቲን ኖቬምበር 18 በ649 ዶላር አወጣ። ከ3080 በ50 ዶላር ይረክሳል። እሱም ወዲያው አለቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ክፍል ነው። ኤንቪዲያ የእነዚህን ካርዶች ቺፖች የሚያሠራው ሳምሰንግ ዘንድ ነበር። ኤኤምዲ ደግሞ ታይዋን፣ ቲኤስኤምሲ የተባለው ቺፕ አምራች ዘንድ። ችግሩ፣ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር፣ የአዲሱ ኤክስቦክስ ቺፕ፣ የፕሌይስቴሽን 5 ቺፕ፣ ሁሉም የኤኤምዲ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም የሚሠሩት በዚያው 7 ናኖሜትር በሚባለው የቲኤስኤምሲ አሠራር ነው። ሁሉም በዚያው ኖቬምበር ገበያ ወጡ። አንድ ምጣድ፣ አራት ወረፋ።

ሒሳቡን ደግሞ እዩት። የ6800 ኤክስቲ ቺፕ ስፋት 520 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የራይዘኑ ዋና ቺፕ 80 ገደማ። አንዱ ግራፊክስ በሚይዘው ቦታ ስድስት ራይዘን ይጋገራል። አንድ ራይዘን 5600ኤክስ 299 ዶላር ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምጣዱን ለየትኛው ትሰጡ ነበር?

2021 ላይ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ስሌት የሚቆፍሩት ማይነሮች የተገኘውን ካርድ ሁሉ ይለቅሙ ጀመር። ኤንቪዲያም የማይኒንግ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ ገደብ አድርጎ 3060ን አወጣ። ወር ሳይሞላ ራሱ የለቀቀው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ገደቡን አነሳው። ቀልድ ብዬ ባወራው ማንም አያምነኝም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ኦገስት 2022 ላይ ኤንቪዲያ በአብዛኛው ከተትረፈረፈ ክምችት የተነሳ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ መዘገበ። በቀጣዩ ወር ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መቆፈር ቀረ። ሰው ሌሊት እየተነሳ ሲያድነው የነበረ ካርድ ተከምሮ ገዢ ይጠብቅ ገባ።

ጥያቄ ካላችሁ፣ ማይኩ እዚያ ጥግ ነው።